የእናቴ የክርስትና ስምና አሥራ ሁለት ቁጥር

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ገና የቢሮውን መስኮት ከፍቼ ሳልቀመጥ ወይዘሮ ዘነበች ገባች። ተራ አልያዘችም። እንዴት አደራችሁም አላለች። የቁጠባ ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችና «አንተ ነህ አይደል የሸጥኸኝ?» አለችኝ። አምስት ሰው ወረፋ ይዞ ቆሟል። አምስቱም ዞሩ።

«ምን አደረግሁ?» አልኳት።

«ዘጠና አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ብር ከአርባ ሳንቲም! አርባ ሳንቲሟ እንኳ አልቀረችም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሟቹ ባሏ ወንድም ሽፈራው ቅዳሜ ቀየት ከሚባለው ገጠር መጥቶ፣ በሯ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እየሰማ ያላትን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ቆጠረላት። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየሁት። ልክ ነው። ከመስከረም ወዲህ አላስገባችም፣ አላወጣችም፣ ያው ቁጥር ነው።

ለምን እንደተቃጠለች ይገባኛል። ባሏ የሞተ ጊዜ «ቤቴ ባዶ ነው» ብላ ነበር። ሽፈራው ለወንድሙ ተዝካር በሬውን ሸጠ። እሷ ግን ከበግና ከሱፍ ያጠራቀመችውን እኛ ዘንድ አስቀምጣ ዝም ብላለች። ለልጇ ነው። ልጅቷ ደብረ ብርሃን ነርስነት ትማራለች፣ ሁለተኛ ዓመት። አሁን ሽፈራው «ባዶ ያልሽው ቤት ይኸ ነው? የበሬዬን ዋጋ መልሺ» ብሎ ለእሑድ ሽማግሌ ጠርቷል። ገንዘቡ ከሄደ ልጅቷ ትምህርቱን ትታ ትመለሳለች።

በዚህ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ስሆን አሥራ አንድ ዓመቴ። የሰው ሒሳብ ለማንም አልናገርም ብዬ ፈርሜ ነው የገባሁት። ማን ምን እንዳለው ለሚስቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም።

የአባል ሒሳብ ማየት የሚችል፦
1. እኔ
2. ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታነህ
3. ጥሩወርቅ፣ ገንዘብ ያዧ (የዕለቱን ገቢና ወጪ ብቻ። ሙሉው አይከፈትላትም)

እኔ አልተናገርኩም።

ጌታነህ ከውስጥ ክፍል ብቅ አለና «ጋሽ በቀለ፣ ሴትዮዋን አረጋጋት እንጂ፣ ደንበኛ ይሸሻል» ብሎ በሩን መልሶ ዘጋ። ምን ሆና ነው ብሎ አልጠየቀም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ከማኅበራት ዩኒየን የመጣው አሠልጣኝ ሲስተሙን ሲያስገባልን «ማን፣ መቼ፣ የማንን ሒሳብ እንደከፈተ ሁሉንም ይመዘግባል» ብሎን ነበር። ጠዋት ጥሩወርቅ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ መዝገቡን አወጣሁት።

የዘነበች ሒሳብ ከመስከረም ወዲህ፣ እኔ ትናንት ካየሁት ሌላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍቷል። ጥቅምት 10፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ።

የከፈተው፦ በቀለ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ነኝ። ሌላ በቀለ የለንም።

ግን ጥቅምት 10 እኔ የት ነበርኩ? እናቴን ጥቅምት 5 ነው የቀበርናት። እስከ 12 ድረስ ቤቴ ደጅ ድንኳን ውስጥ ነው የተቀመጥኩት። ከተማው ሁሉ መጥቶ «እግዜር ያጥናህ» ብሎኛል። መዝገቡን ወደ ላይ ወደ ታች አየሁ። በዚያ ሳምንት «በቀለ» አርባ አንድ ጊዜ ሠርቷል። የብድር ክፍያ አስገብቷል፣ ወለድ አስልቷል፣ ደረሰኝ አትሟል። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሥራ ገብቼ ነበር።

ፕሪንት አድርጌ አጥፌ በደረት ኪሴ ያዝኩት።

አሠልጣኙ የነገረን፦
1. ፓስወርድ ለማንም አትንገሩ
2. ወረቀት ላይ አትጻፉ
3. በየሦስት ወሩ ቀይሩ
4. የልጅ ስም፣ የስልክ ቁጥር አታድርጉ

ሦስተኛውን አልፈጸምኩም። ሌላውን ግን ከሁሉም ይልቅ የፈጸምኩ መስሎኝ ኮርቼ ነበር። የእናቴን የክርስትና ስም ነበር ያደረግሁት። እናቴ የክርስትና ስሟን ለሰው አትናገርም። መተት የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው ብላ ጎረቤት ሲጠይቃት እንኳ ወሬ ትለውጥ ነበር። እንደሱ ያለ ምስጢር ከየት ይገኛል? ሲስተሙ ቁጥር ጨምር ሲለኝ አሥራ ሁለት ጨመርኩበት፣ በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚካኤልን ጽዋ ስለምትጠጣ።

ያን ሰሞን ሻይ ላይ አፌ አላርፍ ብሎ «የኔን ፓስወርድ የሚያውቀው እግዜር፣ እናቴና የእናቴ ነፍስ አባት ብቻ ናቸው» አልኩ። ጥሩወርቅ ሳቀች። «ውይ ጋሼ፣ የክርስትና ስሟን ነዋ ያደረግኸው!» ጌታነህም ነበር። አላመንኩም፣ አልካድኩምም። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ እኛ አገር አዎ ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ ነው የገባኝ።

ፍትሐቱ! ነፍስ አባቷ መምሬ ኃይሌ አስከሬኗ ላይ ቆመው፣ እኚያ ድምፃቸው እንደ ደወል የሚሰማ ሰው፣ «ነፍሰ አመትከ ወለተ ሰንበት» እያሉ ስንት ጊዜ ጠሩት? ቢሮው ተዘግቶ ሁሉም ቀብር መጥተው ነበር። ከኋላዬ ነው የቆሙት። እኔ አለቅሳለሁ። እነሱ ይሰማሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ጥሩወርቅን ቆሜ ጠየቅኋት። አልካደችም። ባለመካዷ ይበልጥ ተናደድኩ።

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?» አለች። «የብድር መክፈያ ቀን ነው፣ ሰው ከሞላሌ ድረስ ገንዘቡን ቋጥሮ መጥቷል። ለኔ አይከፈትልኝ። ለቅሶ ላይ ላለ ሰው ተደውሎ ፓስወርድህን ንገረኝ ይባላል? እናቱን ለቀበረ ሰው?»

«ጌታነህ የራሱ አለው አይደል?»

«የሱ ማየት እንጂ ማስገባት አይችልማ። ሐዘንህን እንዳንረብሽ ብለን ነው። መምሬ ሲጠሩት ሰምቼዋለሁ። በፈረንጅ ፊደል ጻፍኩት፣ እምቢ አለ። እማማ የሚካኤል አይደሉ ብዬ አሥራ ሁለት ጨመርኩ። ገባ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንዳይጠፋኝ ጽፌ መስታወቱ ሥር አስቀመጥኩት።»

የጠረጴዛዋን መስታወት አነሳሁ። አሁንም እዚያው ነው። በሷ እጅ ጽሑፍ «ወለተ ሰንበት 12»። አንድ ወር ከሁለት ሳምንት ሙሉ በሰው ፊት ተዘርግቶ ኖሯል። ያየ ሁሉ ለጸሎት የተጻፈ ነው የሚመስለው። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም አይተውት «ነፍስ ይማር» ብለው ሄደዋል አለችኝ። ሊያስቀኝ ምንም አልቀረው።

ፕሪንቱን አውጥቼ ጥቅምት 10ን አሳየኋት። «አርባው ያንቺ ሥራ ነው፣ ይገባኛል። ይቺን አንዷን ማን ከፈታት?»

ወረቀቱን አየች። የውስጡን ክፍል በር አየች።

«እኔ አይደለሁም» አለች።

«ማን ነው ታዲያ?»

«ጋሼ፣ ሦስት ልጅ አለኝ» አለች።

የነገረችኝ ይኸን ብቻ ነው። ይበቃል።

ከሰዓት ፓስወርዴን ልቀይር ተቀመጥኩ። ያሰብኩት፦
– የልጄ የሐና ስም። ሁሉም ያውቃል።
– የሚስቴ የአስካለ። ሁሉም ያውቃል።
– የተወለድኩበት ቀን። መታወቂያዬ ፋይል ውስጥ አለ።
– የድሮ ውሻችን ስም። ጌታነህን ነክሶት ያውቃል።
– የሞተው ወንድሜ። እሱም ፍትሐት ተደርጎለታል፣ ስሙም ተጠርቷል።

አርባ ዘጠኝ ዓመት መሐል ሜዳ ከተማ ኖሬ ስለ እኔ ሰው የማያውቀው ነገር ፈልጌ አጣሁ። መጨረሻ ላይ አንድ አገኘሁ። እዚህ ደብተር ላይም አልጽፈውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ፈረምኩ።

ከዚህ ሌላ የሚጻፍ የለም፣ ግን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጌታነህ ጠራኝ። በሩን ዘጋው። ወንበር ሰጠኝ። ወንበር ሰጥቶኝ አያውቅም።

«ጋሽ በቀለ፣ ፕሪንት አድርገሃል ይባላል።»

«አዎ።»

«የማን ስም አለበት?»

«የኔ።»

«የኔ ስም አለበት?»

«የለበትም።»

«የጥሩወርቅስ?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ይኸ ወረቀት የሚከሰው ማንን ነው?»

ጥቅምት 10 ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ አገር ያውቃል አልኩት።

«አገር ያውቃል። ሲስተሙ አያውቅም» አለኝ።

ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። ለኔ ብሎ እንደሆነ፣ ልጅ እንደማስተምር፣ ድንኳኔን የተከለው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። እውነት ነው፣ ካስማውን ይዞ ሲመታ አይቼዋለሁ። አንድ ደብዳቤ ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «የተባለው ቁጥር ከቢሯችን አልወጣም። አባሏ የቁጠባ ደብተሯን በጥንቃቄ ባለመያዟ በሰው እጅ ገብቶ የታየ ነው።» ከሥሩ «የሒሳብ ሠራተኛ» ይላል፣ ነጥብ ነጥብ፣ ለፊርማዬ።

«ይኸ ከተፈረመ የሚጠየቅ ሰው የለም። ካልተፈረመ ፓስወርዱን በቤተ ክርስቲያን ያስነገረ ሒሳብ ሠራተኛ ማነው ይባላል።»

በሰማያዊ እስክሪብቶ ፈረምኩ። «ቀኑንም» አለኝ። ቀኑንም ጻፍኩ። ማኅተሙን እሱ መታ። አያያዙ በግ እንደሚያርድ ሰው ጥንቁቅ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ውርጭ። ደጅ የተቀመጠው ባልዲ ላይ በረዶ ተጋግሮ አገኘሁ።

ሐና ከደብረ ብርሃን ደወለች። «አባዬ፣ ኪራይ እስከ ሠላሳ ነው፣ ሴትዮዋ አትጠብቅም» አለች። ድምፄ ምን ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት።

ከተባረርኩ፦
– የሐና ኪራይ
– የሐና ምግብ
– የእናቴ የስድስት ወር ተዝካር
– ከዕድር የተበደርኩት
– በዚህ ዕድሜዬ፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት ማን ይቀጥረኛል?

ዝም ካልኩ፦
– የዘነበች ልጅ

በአንዱ በኩል አምስት፣ በሌላው አንድ። ሒሳብ ቢሆን አምስቱ ይበልጥ ነበር።

ለአስካለ ነገርኳት። መጀመሪያ «ፈረምህ? እሰይ፣ እንኳን!» አለች። ፓስወርዱ ምን እንደነበር ስነግራት ግን የያዘችውን የሽሮ ዕቃ አስቀመጠች።

«የእማማን የክርስትና ስም?»

«አዎ።»

«እኔ ምራቷ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ስኖር፣ ገላዋን ሳጥባት፣ ያልነገረችኝን? ቀብሯ ላይ እኮ ነው የሰማሁት። አንተ ወስደህ ለሣጥን ነገርኸው? ጥሩወርቅ ጠረጴዛ ላይ አነጠፈችው?»

የሽሮውን ዕቃ አንስቼ መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

«በፊርማህስ እኔ አልፈርድብህም» አለች። «ያንን ግን እማማ ብትሰማ...» ብላ ተወችው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ገበያ ወጥቼ ዘነበችን ከሩቅ አየኋት። ሱፍ ከፊቷ ቆልላ ተቀምጣለች። ሰላም ልላት ጠጋ ስል ዘወር ብላ ከአጠገቧ ካለች ሴት ጋር ወሬ ጀመረች። ሴትዮዋ አየችኝ፣ ዘነበችን አየች፣ ተያዩ።

«የኔስ ቁጥር ታውቋል ወይ?» አለኝ አንድ የማኅበራችን አባል፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና የሚሸጥ ሰውዬ። እየቀለደ ነው። ከዚያ ሳቁን አቆመና «እውነቴን ነው፣ ታውቋል ወይ?» አለ።

ሽንኩርት ሳልገዛ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ቅዳሴ ላይ የሙታን ስም ሲነሳ «ወለተ ሰንበት» ሲሉ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ፊደል ሲመቱ ያዝኳቸው። አንድ በአንድ፣ እስከ አሥራ ሁለቱ ድረስ። ለእናቴ ነፍስ መለመን ሲገባኝ ሲስተም ውስጥ እየገባሁ ነበር። ጣቶቼን ጨብጬ ቆየሁ።

ከቅዳሴ በኋላ፣ የቢሮ ሰዎችም ጭምር፣ ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፣ መሪው መምሬ ኃይሌ፣ ያው የእናቴ ነፍስ አባት።

ሽፈራው መጀመሪያ ተናገረ። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አይደለም። «ያ በሬ ሲሸጥ ጥማዴ ፈረሰ» አለ። «ሁለት ዓመት ከሰው በሬ ጋር እያቀናጀሁ፣ የሰው ተራ እየጠበቅሁ አረስኩ። አላት ብባል አልሸጥም ነበር። ወንድሜ ስለሆነ ነው።»

ዘነበች «የደበቅሁት ካንተ አይደለም» አለችው። «ከድግሱ ነው የደበቅሁት። ድግስ ያየውን ሁሉ ይበላል። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ።»

መምሬ «ገንዘቧን ከማን ሰማህ?» አሉት።

«ከሚያውቅ።»

«ከማን?»

«መምሬ፣ አንድ ጽዋ የጠጣሁትን ሰው ስም አልጠራም» አለ።

ሽፈራው የጊዮርጊስን ጽዋ ከማን ጋር እንደሚጠጣ የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ጌታነህ የስልኩን ስክሪን በጋቢው ጫፍ ይወለውል ነበር።

ከዚያ ተነሥቶ ደብዳቤውን አነበበ። ረጋ ብሎ፣ ማኅተሙን ለሰው እያሳየ። «የሒሳብ ሠራተኛችን አቶ በቀለ ፈርሞበታል» ብሎ ጨረሰ።

ዘነበች አየችኝ። «እኔ ነኝ ደብተሬን በየቤቱ ያዞርኩት?» አለች። ከጉያዋ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ ጨርቅ አወጣች፣ ፈታችው፣ ደብተሩን ለመምሬ ሰጠች። «እነሆ፣ አንብቡት።»

መምሬ መነጽራቸውን አልያዙም። «በቀለ፣ ያንተ ሥራ ነው፣ አንብብልን» ብለው ለኔ ሰጡኝ።

ከፈትኩት። መጨረሻ የተጻፈው ባለፈው ዓመት ሰኔ ነው፣ በገዛ እጄ። ዘጠና አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር። ሳንቲም የለውም።

አርባ ሳንቲሟ ወለድ ነበረች። ወለዱን ሐምሌ ላይ ኮምፒውተሩ ላይ ነው ያስገባሁት። ዘነበች ደብተሯን ስላላመጣች አልተጻፈላትም። እሷ ራሷ አታውቀውም ነበር። ሽፈራው የጠራውን ቁጥር ከዚህ ደብተር ሊያገኝ የሚችል ሰው በምድር ላይ የለም። ከአንድ ቦታ ብቻ ነው የሚገኘው።

ሰኞ ጠዋት ማወቅ ነበረብኝ። ሥራዬ ነው። ፍርሃት ሒሳብ ያስረሳል።

ከዚያ አነበብኩት፣ «ዘጠና አንድ ሺህ ሁለት መቶ» ብዬ። ቀጥዬ «ሽፈራው የጠራው እዚህ የለም። ያ ቁጥር ያለው ቢሮ ብቻ ነው። የፈረምኩት ውሸት ነው» አልኩ።

ጌታነህ «ጋሽ በቀለ፣ እናትህ ከሞቱ ወዲህ አልተረጋጋህም» አለ።

«በእናቴ ስም ነው የገባችሁት» አልኩት። ስለ ፓስወርዱ ሁሉንም ነገርኩ፣ ሻይ ላይ መኩራራቴን፣ ሦስት ወር ሲሞላ አለመቀየሬን። ፕሪንቱን ዘረጋሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀባበሉት፣ አንዱ ገልብጦ ነበር የያዘው።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። «ወረቀቱን ጽፌ መስታወት ሥር ያኖርኩት እኔ ነኝ» አለች። ትቀጥላለች ብዬ ጠበቅሁ። ተቀመጠች። ሦስት ልጅ አላት።

መምሬ ኃይሌ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «እንግዲያስ ያሰማሁት እኔ ነኛ» አሉ።

«እርስዎ ምን አጠፉ አባቴ? ጥፋቱ የኔ ነው።»

«በዚያ ስም የለመንኩላት የገነት በር እንዲከፈትላት ነበር» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍርዱ፦
1. ዘነበች ለሽፈራው ሃያ ሺህ ብር ትስጥ። ተዝካሩ የሁለቱም ነውና።
2. ሽፈራው ስለ ገንዘቧ ለሰው እንዳይናገር። (አገሩ ሁሉ ከሰማ በኋላ!)
3. የቢሮው ጉዳይ የቢሮው ነው፣ እኛ አንገባበትም።

ሃያ ሺው ከወጣ የቀረው የልጅቷን ትምህርት እስከ መጨረሻው ዓመት አያደርስም። ዘነበች በጣቷ ቆጥራ ጨርሳ ነበር፣ አይቻታለሁ። ግማሹን እኔ እከፍላለሁ አልኩ። መምሬ «በቀለ፣ አቅምህን እወቅ» አሉኝ። አቅሜን አውቃለሁ። እከፍላለሁ አልኩ።

ሽፈራውና ዘነበች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ጌታነህ ከሁሉም ቀድሞ ሄዷል።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ።

– እርስ በርሱ የሚጋጭ ቃል በመስጠት፣
– ፓስወርድ በአግባቡ ባለመያዝ፣
– ከሲስተም ታግደሃል፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ግማሽ ደሞዝ።

የፈረመው ጌታነህ። የሚያጣራው ኮሚቴ ጸሐፊም ጌታነህ። ሁለተኛውን አልክድም፣ የተጻፈብኝ እውነት ነው። የእሱ ግን የት ተጻፈ?

ኮሚቴው ያንን አርባ አንዱን ሁሉ እንዲያይ፣ አባላቱም እንዲነገራቸው ማመልከቻ ጻፍኩ። ሁለት ቅጂ። አንዱን «ደርሷል» ብላ እንድትፈርምልኝ ጥሩወርቅን ጠየቅኋት። ፈረመች። ቀና ብላ አላየችኝም፣ ግን ፈረመች። እሱም አንድ ነገር ነው።

ጌታነህ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ አስለጥፏል፦ «ፓስወርድ ምስጢር ነው»። ፕላስተሩ ሳይደርቅ... ፕላስተር አይደርቅም፣ ምን እያልኩ ነው።

እኔ መዝገብ ቤት ካለው ቁም ሣጥን አጠገብ ተቀምጬ የድሮ ደረሰኝ በቁጥር እየደረደርኩ ዋልኩ። ያንን ሰው የማያውቀውን አዲሱን ፓስወርዴን ሦስት ቀን ተጠቀምኩበት። አሁን ጥሩ ፓስወርድ አለኝ። የሚጠይቀኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ደሞዝ ቀን። ሰባት ሺህ አራት መቶ የነበረው ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሆነ።

ሐና 1,500። ላክሁ። «አባዬ ጉንፋኑ ተሻለህ?» ብላ ጻፈች።
ቤት 1,200።
ዘነበች 1,000።

ዘነበች ራሷ ጠዋት መጥታ ነበር። ሒሳቧን በሙሉ አውጥታ ዘጋች። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፣ አርባ ሳንቲሟንም አልተወችም፣ «የኔ ናት» አለች። ጥሩወርቅ የአርባ ሳንቲም ዝርዝር ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞረች። ደግ አደረገች ዘነበች።

አውጥታ ስትሄድ በር ላይ ጠብቄ አንድ ሺውን ሰጠኋት። ተቀብላ ቆጠረችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አላለችም። «የመጀመሪያው ይኸ ነው?» አለች።

«አዎ። በየወሩ።»

«ወረቀት አልጽፍም» አለች። «እኔም አልረሳም፣ አንተም አትረሳም።»

ያን ሁሉ ብር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ጥሩ እንዳልሆነ፣ ጊዜው እንዴት እንደሆነ ልነግራት ሞከርኩ። የት ልታስቀምጠው እንደሆነም ሳላስበው ጠየቅኋት።

ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ ስትስቅ ያየኋት አሁን ነው።

«ለእግዜርም አልነገርኩት» አለችኝ።

የቀረው፦ ለወይዘሮ ዘነበች ዘጠኝ ሺህ ብር።